ይቅርታ የሚጠይቀው ቫምፓየር

ጋሽ ታምሩ የሞቱት በወባ ነው። ልድገመው፤ በወባ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ደም መጣጭ ሲያስጸጽቱና ሲያስለቅሱ የኖሩ ሰውዬ፣ በመጨረሻ የጨረሰቻቸው የሐይቅ ዳር ትንኝ ናት። "ጉበቱም ድሮውን የተጎዳ ነበር" አለችኝ ልጃቸው ስትደውልልኝ። ይህንን እኔ ፈጥሬ ባወራው ኖሮ "አሁንስ አበዛሽው" እባል ነበር።

ደንበኞቼን የማርዳቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሥጋ የሚሸጠው ሉካንዳው ዱካሌ ፍላሹን ይዞ መጣና "ሰሚራ፣ የሰውዬው አዲስ አልወጣም?" አለኝ።

"ሞቱ እኮ፣ ዱካሌ።"

"ቫምፓየር ይሞታል እንዴ?" አለ። ሊቀልድ ፈልጎ አይደለም፣ የምሩን ነው። ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

የማያውቀኝ ሰው ግራ እንዳይጋባ ሥራዬን ልንገራችሁ። መሃል ከተማ ላይ ፎቶኮፒ የማነሣባት፣ የስልክ ሽፋን የምሸጥባትና ፊልም የምጭንባት ሱቅ አለችኝ። የውጭ ፊልም እናገኛለን፤ እንዴት እንደምናገኝ አትጠይቁኝ። የፊልሙን ድምፅ ዝቅ እናደርግና አንድ ሰው ማይክ ይዞ ወንዱንም ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እየሆነ በአማርኛ ይተርክበታል። እሱን በፍላሽና በስልክ እንጭናለን። ደንበኛው እንግሊዝኛውን አይሰማም፤ ስለዚህ ፊልሙ ማለት ተርጓሚው ያለው ነው። ተርጓሚው "ወንድሟ ነው" ካለ ወንድሟ ነው፣ ሲስሙ ቢታዩም።

ጋሽ ታምሩ መጀመሪያ የመጡት ሊከሱኝ ነው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ኮታቸው ሁለት ቁጥር የሚሰፋቸው ሰውዬ ነበሩ። ጉንጫቸው ሥር ከረሜላ ነበረች።

"የእናንተ ተርጓሚ ሰው ያስገድላል" አሉኝ።

"ማንን አስገደለ?"

"ሰውዬው እኮ 'አዝናለሁ' ነው ያለው። የእናንተው ሰው 'አንጀትህን እዘረግፈዋለሁ' ብሎ ተረጎመው። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ፣ እሰማለሁ።"

ያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ ተናድጄ ነበር። "እንግዲያው እርስዎ ይተርጉሙታ!" አልኳቸው። በማግስቱ ደብተራቸውንና ሽፈራው ሻይ የሞላ ፔርሙዛቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልቀሩም።

ክፍሏን በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን ሸፍነን ድምፅ መቅጃ አደረግናት። ጋሽ ታምሩ ሥራ ሲጀምሩ ከረሜላዋን ከአፋቸው አውጥተው ወረቀት ላይ ያስቀምጧታል፤ ሲጨርሱ ያችኑ መልሰው ይጎርሷታል። "ኧረ አዲስ ልስጥዎት" ብላቸው "ይቺ ሥራ ላይ ነች" ይሉኛል። የሴት ድምፅ ሲያወጡ ማንም ሴት እንደዚያ ተናግራ አታውቅም፤ ግን ደንበኛው ለመደው።

ችግሩ ከቫምፓየር ሌላ ፊልም አልሠራም ማለታቸው ነበር። የሽጉጥ ፊልም ስሰጣቸው ይመልሱልኛል። የፍቅር ፊልም ስሰጣቸው "ለወጣት ስጪው" ይላሉ። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው፣ ለምን እነዚህን አመዳም ደም መጣጮች እንደመረጡ።

"ሌላ ፊልም ላይ ክፉው ሰው ክፉ መሆኑን አያውቅም" አሉኝ። "እነዚህ ያውቃሉ። እያወቁ ደግሞ ይጠማቸዋል። እንግዲህ ሰው ማለት ይኸው አይደል?"

ፊልሙን ማንም ይሥራው፣ የትም አገር ይሁን፣ የጋሽ ታምሩ ቫምፓየር ስሙ ጋሻው ነበር። "ጋሻው ዛሬም ተጠማ" ብለው ይጀምራሉ። ነጭ ሽንኩርትና መስቀል እንደሚፈራ ሲተርኩ እኔ ከውጭ ሰምቼ "ጋሽ ታምሩ፣ እኛ እስላሞቹ ሰፈር ቢመጣስ ምን እናሳየው?" አልኳቸው። "የእናትሽን ወጥ አሽትቱት፣ ሰፈር ይቀይራል" አሉኝ። እናቴ ይህን ስነግራት ለሳምንት ሰላምታ ነፈገቻቸው።

ሰው የማይነካ፣ የእንስሳት ደም ብቻ የሚጠጣ ቫምፓየር ያለበት ፊልም የመጣልን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ጋሽ ታምሩ ደስ ብሏቸው "ጾመኛው ጋሻው" ብለው ሰየሙት። በሁዳዴ ነበር የወጣው። አንዲት እናት ሱቄ ድረስ መጥተው "ጾመኛ ነው እያላችሁ የፍየል ደም ታጠጡታላችሁ? ምን ዓይነት ድፍረት ነው?" ብለው ጮኹብኝ። ጋሽ ታምሩ ከክፍላቸው ወጡና በትሕትና እጅ ነሥተው "እማማ፣ እሱ ከሰው ነው የጾመው። ከፍየል ጾመን ሰው የምንበላ እኛ ነን" አሏቸው። ሴትዮዋ አሰቡበት፣ አሰቡበትና አንድ ፍላሽ አስጭነው ሄዱ።

ያኔ እኔም ሳልናገር አላለፍኩም። "ጋሽ ታምሩ፣ በተሰረቀ ፊልም ላይ ስለ ምግባር መስበክ አያሳፍርም?" አልኳቸው። "የሚሰርቁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ ሰባኪ ብቻ ነኝ" አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ። ወላሂ፣ እንዲህ ዓይነት ዓይን አውጣ ነበሩ።

የመጠጡን ነገር ያወቅሁት በፋሲካ ማግስት ነው። ዱካሌ እንደ ምርቃት አድርጎ አንድ ቢራ ይዞላቸው መጣ፤ በእኔ በእስላሟ ሱቅ፣ ሳያፍር። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አኖረው። ጋሽ ታምሩ አዩት። ጠርሙስ እንደዚያ ሲታይ አይቼ አላውቅም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና "ጋሻው የሴት አንገት የሚያየው እንዲህ ነው" አሉ፣ ለማሳቅ ሞክረው። ከዚያ ወጥተው ሄዱ። ሐይቁ ድረስ በእግራቸው ሄደው ተመለሱ፤ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ነበር። ቢራውን ዱካሌ ቀድሞ ወስዶት ነበር።

"አራት ዓመቴ ነው ካቆምኩ" አሉኝ ጫማቸውን እየጠረጉ። "ጥማት ኃጢአት አይደለም፣ ሰሚራ። ኃጢአቱ ጥማትህን ሌላ ሰው ላይ መጫን ነው። ፊልሞቹ ላይ ቫምፓየርን ፀሐይ ያቃጥለዋል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ ነበር የምወጣው።"

ከዚያ ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ሳለች በትምህርቷ አንደኛ ወጣችና ወላጆች በተሰበሰቡበት መዝገበ ቃላት ተሸለመች። አባት ጠጥተው መጡ። መድረኩ ላይ ወጡ፣ ንግግር አደረጉ፣ ወደቁ። ሲነሡ መዝገበ ቃላቱን ይዘው ነበር፤ በዚያው ሸጠው ጠጡበት። እናትና ልጅ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አጎቷ ቤት የገቡት በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ በለሰለሰ ድምፅ ነበር። እኔም "ሁሉ ያልፋል" ምናምን ብዬ አጽናናኋቸው። የጎደለ ነገር እንዳለ አልገባኝም።

ልጅቷ ሜሮን ትባላለች። መጀመሪያ ወደ ሱቄ ስትመጣ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና ቀጭን ልጅ መሆኗን እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅሁም። "የዚህ ሰውዬ ትርጉም ያለበትን ቫምፓየር ጫኚልኝ" አለች። ጋሽ ታምሩ ከግድግዳው ወዲያ እየቀዱ ነበር፣ ድምፃቸው ቀጥ አለ። ያ ፊልም አሁንም አለኝ፤ ጋሻው አፉን ከፍቶ ይናገራል፣ አንድ ቃል አይወጣውም። ልጅቷ ስትሄድ ወጡና በእጃቸው ባንኮኒውን ያዙ።

"ልጄ ናት። እንዳትነግሪያት።"

"ድምፅዎን አታውቀውም?"

"እሷ የምታውቀው ሌላ ድምፅ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ጋሻው ወሬኛ ሆነ። ፊልሙ ላይ ቫምፓየሩ በመስኮት ዝም ብሎ ጨረቃ ያያል፤ የእኛው ጋሻው ግን ይናዘዛል። "ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ደካማ ነበር፣ ግን አንቺን ያልወደደበት ቀን የለም…" እያለ። ዱካሌ ፍላሹን ይዞ መጥቶ "ይኼ ሰውዬ ልጅ የለውም እኮ! ከየት አመጣው?" ብሎ ይከራከረኛል። "ቀጣዩ ክፍል ላይ ትመጣለች" እለዋለሁ። ሜሮን በየወሩ ትመጣለች፣ ትጭናለች፣ ምንም ሳትል ትሄዳለች። እኔ ሳስበው ነገሩ እየሠመረ ነበር። አስታራቂ ሆኜ ጀነት የምገባ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ያ ፊልም መጣ። ቫምፓየሩ ብዙ ዘመን ራሱን ገትቶ ይኖራል። አንዲት ሴት አምናው ቤቷ ታስጠልለዋለች። በመጨረሻ አልቻለም፤ ይነክሳታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ጋሽ ታምሩ ሁለቴ አዩትና ሊቀዱ ገቡ። እኔም ስጭን ነው ጉዱን የሰማሁት። ቫምፓየሩ አንገቷ ላይ ተደፍቷል፤ ጋሽ ታምሩ በተረጋጋ ድምፅ "ጋሻው አሁን በጆሮዋ ይቅርታ እየጠየቃት ነው" ይላሉ። ደም ሲወርድ "ከጸጸት ብዛት የገዛ ከንፈሩን ነከሰ" ይላሉ። የሚቀጥለው ትዕይንት ቀብሯ ነው። "ከብዙ ዘመን በኋላ ሴትዮዋ በእርጅና አረፈች።"

ዱካሌ ሮጦ መጣ። "በሁለት ደቂቃ አረጀች? አንድ ሽበት ሳታወጣ?"

ከተማው በሳቅ ሞተ። ባጃጅ ነጂዎች እርስ በርስ ሲሰዳደቡ "ኧረ ይቅርታ እየጠየቅኩህ ነው" መባባል ጀመሩ። ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ድረስ እየመጡ ያስጭኑኝ ነበር፤ እንደዚያ የተሸጠ ፊልም የለኝም። ጋሽ ታምሩን "ለምን እንዲህ አደረጉ?" ብላቸው "እሷ ታየዋለቻ" አሉኝ። "ልጄ አንድ እንኳ ሳይነክስ የቀረ ትይ።"

ሜሮን በሁለተኛው ሳምንት መጣች። እኔ የምሥራች ያላት መስሎኝ ፊቷን አየሁት። እውነትም ነበራት፤ በሚመጣው እሁድ ሳምንት ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ የሚያገባት ልጅ አብሯት የተማረ ነው።

"ማሻአላህ! ታዲያ ማን ይቀመጣል?" አልኳት፣ ግድግዳውን በዓይኔ ጠርዝ እያየሁ። ሽማግሌ ሲመጣ ተቀብሎ የሚያናግር አባት ነው፤ አባት ከሌለ ነው ሌላ የሚቀመጠው።

"አጎቴ።"

"አባትሽስ? ሰው ይለወጣል እኮ፣ ሜሪዬ። ምናልባት እኮ…"

"ከግድግዳው ወዲያ እንዳለ አውቃለሁ" አለችኝ። "ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ የምመጣው አንድ ነገር ፈልጌ ነው። ሦስት ዓመት ጠበቅኩ።"

ድምፅዋን አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ይሰማ ብላ ነው የምትናገረው።

"መዝገበ ቃላቱን ነግሮሻል አይደል? ለሁሉም የሚነግረው እሱን ነው፤ ያስለቅሳላ። እናቴን ይመታት እንደነበር ነግሮሻል? አልነገረሽም። እጇን ሰብሮታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ 'አባዬ ምን እያደረግክ ነው?' ስለው 'እየመከርኳት ነው' ይለኝ ነበር። እየመታት እኮ ነው፣ ሰሚራ። ዓይኔ እያየ። አሁን ደግሞ ሰውዬው ሴትዮዋን ይነክሳታል፣ እሱ 'ይቅርታ እየጠየቃት ነው' ይለናል። ከተማው ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ቤት ሲተረጎም የነበረው እንዲሁ ነው።"

እጄ ላይ የነበረውን ፍላሽ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

"በሽማግሌ ፊት መቀመጥ ከፈለገ" አለች፣ "መጀመሪያ ያንን ቦታ እውነቱን ይተርጉም። አንድ ጊዜ እንኳ የሆነውን እንደሆነ ሲናገር ልስማው።" ወጥታ ሄደች።

ጋሽ ታምሩ ብዙ ቆይተው ወጡ። ከረሜላቸውን ረስተዋት ነበር። "ሰማሁ" አሉ፤ "ማሽኑን ክፈቺው።" ተናድጄባቸው ስለነበር ዝም ብዬ ከፈትኩት። ስድስት ዓመት አብረውኝ የሠሩ ሰውዬ የሰው እጅ ሰባሪ መሆናቸውን ገና መዋጤ ነበር። ግን ከክፍሉ አልወጣሁም፤ ቆሜ ሰማሁ።

ቫምፓየሩ አንገቷ ላይ ተደፋ። "ነከሳት፤ ግን በጣም ጠምቶት ስለነበር…" አሉና አስቆሙኝ። "ይህ 'ግን' እዚህ ምን ይሠራል? አጥፊው።" አጠፋሁት። ሁለተኛ ጊዜ "ሳያውቀው ነከሳት" አሉ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ያውቅ ነበር። አጥፊው።" እንደዚያ ሲታገሉ ሳያቸው ጭራሽ አዘንኩላቸው፤ ማዘኔ ደግሞ በገዛ ራሴ አናደደኝ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፦

"ነከሳት። ያውቅ ነበር። ቤቷ ያስጠለለችው ሴት ናት። እየነከሳት 'እየመከርኩሽ ነው' አላት። አልመከራትም። ነከሳት።"

ቀብሩ ሲመጣ "ሞተች፤ አላረጀችም" አሉና ማይኩን አስቀመጡ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ሱቅ እውነት ሲጠራ ገበያው ጠፋ። አዲሱን የጫኑ ሰዎች "ቀልዱን አወጣችሁት እንዴ?" እያሉ መለሱልኝ። ዱካሌ "የድሮው ይሻላል፣ ይኼ ያስፈራል" አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እሱም እንደ ሁላችን የሚያስቀውን ይመርጣል።

ሜሮን መጥታ እዚያው ቆማ በማዳመጫ ሰማችው። ያን ቦታ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ማዳመጫውን አውልቃ፣ ገመዱን በሥርዓት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"እሁድ፣ ስምንት ሰዓት። ከአጎቴ ጎን ይቀመጣል። ጠጥቶ ከመጣ ከበር እመልሰዋለሁ፣ በይው።"

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሁለታችንም ሰማን።

ጋሽ ታምሩ ሄዱ። ኮታቸውን እኔ ነኝ ያስተኮስኩላቸው። ሰኞ መጥተው እንደ ወትሮው ሻያቸውን ቀዱ። "እህስ?" ብላቸው "ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ" አሉኝ። በቃ። ተርጓሚ ተብዬው የራሱን ቀን ሲተርክ ሁለት ቃል ብቻ! ስወተውታቸው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ክረምቱ አለፈ፣ ትንኙ በረከተ፣ በጥቅምት ታመው ሳምንት አልቆዩም። ነፍሳቸውን ይማር።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ሜሮን ወደ ሱቄ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ያን እሁድ ጠየቅኳትና ነገረችኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው፣ በወጉ ተነሥተው፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" ብለው ጠይቀዋል። የልጁን ጨዋነትና ታታሪነት ዘርዝረዋል። አጎቷ በወጉ መሠረት "እንመካከርበትና ተመለሱ" ሊላቸው ሲል ጋሽ ታምሩ እጃቸውን አነሡ። "አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ልጃችሁ ይጠጣል?" አሏቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ ብለው "በበዓል እንደ ማንኛውም ሰው ይቀምሳል" አሉ።

"'እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ነበር የምቀምሰው' አላቸው" አለችኝ ሜሮን። "'እናቷን እመታ ነበር። እጇን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለልጄ እየመከርኳት ነው እላት ነበር፤ ውሸቴን ነው። ዘመድ ልትሆኑን ስለሆነ ከእኔ ስሙት። ልጄ ከእንደኔ ዓይነት ቤት መውጣቷ ጥፋቷ አይደለም። ግን ልጃችሁ አንድ ቀን እጁን ቢያነሣባት አላወቅንም እንዳትሉ፤ ምን እንደሚመስል ይኸው እዩኝ' አላቸው።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"መሬት መሬት ያዩ ነበር። አጎቴ በንዴት ፊቱ ጠቆረ፤ ትዳሯን አበላሸው ብሎ። እናቴ ከጓዳ ሰምታዋለች። እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ አይመለሱም ብዬ።"

"ተመለሱ?"

"በሳምንቱ ተመለሱ። ጥር ላይ ነው ሠርጉ።"

ሻይ ላፈላላት ተነሣሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳልጠይቅ እንደማላድር ታውቀኛለች።

"ይቅር አልሽው፣ ሜሪዬ?"

የኮቷን ቁልፍ እየነካካች ቆየች።

"አላልኩም" አለች። "እሱ ገና ነው፣ አላውቅም። ያን ቀን ግን አመንኩት። አባቴ ሲናገር ሳምነው የመጀመሪያዬ ነበር።"